የሻጋታው ትምህርት

ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህር ሆኜ የተመደብሁት ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና በሚታፈስበት ዘመን ነው። ከማክሰኝት የመጣሁ፣ ሃያ አራት ዓመት ያልሞላኝ ሰው ነበርሁ። ትምህርት ቤቱ ያለው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም መስኮት ሥር አስቀምጠን በፀሐይ ብርሃን እንጠቀምበት ነበር።

ግንቦት ላይ የፈንገሶች ምዕራፍ ደረሰ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቹ ቃሉን ሸምድደው ነገሩን ሳያውቁት እንዳይቀሩ በዓይናቸው ላሳያቸው ፈለግሁ።

«ነገ ቁራሽ ዳቦ የሚያመጣልኝ ማነው?» አልሁ።

ዳቦ በሰልፍ የሚገኝበት ጊዜ ስለነበር እጁን ያወጣ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ረጅም፣ ድምፁ የማይሰማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «እኔ አመጣለሁ ቲቸር» አለ። እናቱ ፋብሪካ ተቀጥረው የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ነው። መስከረም ላይ መዝገብ ስሞላ፣ በአባት ስም ቦታ ያስመዘገበው የእናቱን አባት መሆኑን ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ነግሮኝ ነበር። አባቱን አያውቀውም። ለእኔ ምሥጢር አድርጎ ቢነግረኝም የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ያውቁት ኖሯል።

ዳቦውን ውኃ ረጭተን ሳህን ላይ አደረግነው፤ ብርጭቆ ደፋንበት። በሳምንቱ ሰኞ ብርጭቆውን ሳነሣ ዳቦው ነጭ ክር ወርሶታል። በክሩ ጫፍ ላይ እንደ መርፌ ራስ ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ቆመዋል። ተማሪዎቹ እየተጋፉ በየተራ በማይክሮስኮፑ አዩ።

«ጥቁሮቹ ከረጢቶች ናቸው» አልኋቸው። «ውስጣቸው ስፖር የሚባል የሻጋታ ዘር ሞልቷል፤ ከደቃቅ ዱቄት ይደቃል። ከረጢቱ ሲበስል ይፈነዳና ስፖሩን ነፋስ ይወስደዋል። እርጥብ ምግብ ላይ ያረፈው ክር ያበቅላል፤ ከክሩ ደግሞ ሌላ ከረጢት ይወጣል። ወንድና ሴት መገናኘት አያስፈልጋቸውም። ይኸን ዳቦ ማንም አልዘራበትም፤ ስፖሩ ድሮም አየሩ ውስጥ ነበር።»

ዳቦውን ያመጣው ልጅ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አንሥቶ፣ «እንዲህ የተወለደው አባት የለውም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

«የለውም» አልሁት። «ከአንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚወጣው። ቁርጥ ያችን ወላጁን ነው።»

«እንደ አንተ ማለት ነዋ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ሳቁ ስቦኝ ነው። ዞር ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ወደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ፤ ደወሉ እስኪደወል ቀና አላለም።

በማግስቱ ቀረ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስሙ ተጽፎ፣ በአባት ስም ፋንታ «ሻጋታ» የሚል ተጨምሮበት አገኘሁ። አጠፋሁትና ወደ ትምህርቴ አለፍሁ። ማን ጻፈው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ረቡዕም ቀረ። ቤቱ ሄጄ ላናግረው አሰብሁና፣ የፈተና ወረቀት አርሜ ልጨርስና ቅዳሜ እሄዳለሁ አልሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሐይቁ ዳር፣ ከጀልባ ጭነት ሲያወርዱ የነበሩትን ወጣቶች አፈሷቸው። እሱም እዚያ ነበር። አጠገቡ የነበረ ሰው በኋላ እንደነገረኝ፣ «ተማሪ ነኝ» ብሎ ደብተሩን ቢያሳያቸው፣ «ተማሪ በዚህ ሰዓት ክፍል ነው የሚገኝ» ብለው መኪናው ላይ ጫኑት።

ዓርብ ጠዋት እናቱ ትምህርት ቤት መጡ። ማንነታቸውን ሳይነግሩኝ አወቅኋቸው፤ ግንባራቸው፣ አገጫቸው፣ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉበት ሳይቀር እሱው ነው። ዳይሬክተሩ ተማሪ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈላቸው። እኔ ይዤላቸው ልጆቹ ወደተያዙበት ግቢ አብረን ሄድን።

«ምግብ አልበላ ሲለኝ ያመመው መስሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ መንገድ ላይ። «ደብተሩን ይዞ በጠዋት ይወጣል፤ ማታ ይገባል። ለምን ከክፍል ቀረ? እርስዎ አላወቁም?»

«አላወቅሁም» አልኋቸው።

የግቢው ዘበኛ ደብዳቤውን አነበበና መለሰልኝ። «ሄደዋል፤ ንጋት ላይ ነው የተጫኑት» አለ። ሴትዮዋ የያዙትን የምግብ ሳሕን እየተመለከቱ፣ «ታዲያ ይኸን ማን ያደርስልኛል?» አሉት።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ እናቱ ከማሠልጠኛ የተላከ ደብዳቤ ይዘው ቤቴ መጡ። ማንበብ አይችሉም። ደኅና ነኝ፣ አታስቢ፣ ብርዱን ለምጀዋለሁ ይላል። ዝቅ ብሎ፣ «የባዮሎጂ ቲቸርን ሰላም በይልኝ» የሚል አለበት። እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምሁ።

«ምነው? ምን ሆነብኝ?» አሉ ደንግጠው።

«እሱ ደኅና ነው» አልሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ዳቦውን፣ ጥያቄውን፣ ሳቁን፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን። አውቅ እንደነበርሁና እንደዋሸኋቸውም ጭምር።

«አባቱን ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል» አሉ። «ሦስቴም ሞቷል አልሁት። አልሞተም፤ እዚሁ አገር ነው ያለ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አጣጠፉት። «እርስዎ ግን መምህሩ ነበሩ» አሉኝና ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ጦርነቱ ሲያበቃ የተበተነው ወታደር በከተማችን አቋርጦ በእግሩ ሲጎርፍ፣ እሳቸው ከጧት እስከ ማታ ዓባይ ድልድይ ራስ ላይ ቆመው ፊት ሁሉ ያያሉ። እኔም ከሥራ በኋላ እየሄድሁ አጠገባቸው እቆም ነበር። አይከለክሉኝም፤ አያናግሩኝምም። አንድ ቀን ብቻ፣ «እስኪ ያ ረጅሙ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው፣ ይዩልኝ» አሉኝ። አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው ልከው አስጠሩኝ። መርዶ ያረዳቸው የለም፤ መጠበቁ ደክሟቸው ራሳቸው ቆርጠው ነው ተዝካሩን ያወጡ። ጥቂት ጎረቤት ተቀምጧል። ቄሱ ፍትሐት ሊያደርሱ ሲነሡ «ስመ ክርስትናው ማነው?» ብለው ጠየቁ። የተጠየቅሁ መስሎኝ ቀና አልሁ፤ ግን አላውቀውም ነበር። እናቱ ከጓዳ ወጥተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ነገሯቸው።