ብርድ ተሸካሚው

ገበሬውን ከመሬቱ ያፈናቅላል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ነው። ዓባይ በረሃ ድንኳን ውስጥ ለሚሠራው ወንድሜ በትከሻ የሚንጠለጠል ባለ ባትሪ ኤሲ ይዤ በሚኒባስ ስሄድ፣ ሱሉልታ ላይ ወጣቶች መንገድ ዘግተው አስወረዱን።

«ይሄ መሬት መለኪያ ነው!» አለ አንዱ ኤሲዬን እያየ።

«ኧረ ማቀዝቀዣ ነው!» ብዬ አበራሁት።

ኦቦ ቶላ የሚሏቸው ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ነፋሱ ዘረጉና ወዲያው ጋቢያቸው ውስጥ መለሱት።

«በዚህ ውርጭ ብርድ ተሸክመህ ትዞራለህ?»

ከድንጋጤዬ የተነሳ ወንድሜም በረሃውም ከአፌ ጠፉ። «አዎ አባባ» አልኩ።

ሽማግሌው በሐዘኔታ አዩኝ። «ልቀቁት» አሏቸው ልጆቹን። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብለው «ጸበል እየወሰዳችሁት ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ማንን ነው?» ብዬ ዞር ስል፣ ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አለ።