ያልነበረችው አያታችን

አባቴ ልጅነቴን ሁሉ አባቶች ሲያስቆጥረኝ ኖሯል። ከእሱ ጀምሬ ወደ ላይ፣ ከአሸተን ማርያም ሥር ያለውን ተዳፋት መጀመሪያ መንጥሮ እስካረሰው እስከ አቅኚው አባታችን ድረስ። ወንድም ስላልነበረኝ ቆጠራው ለእኔ ደረሰኝ። ያኔ ርስት የሚገኘው በመቁጠር ነበር፤ ሐረጉ አቅኚው ጋ የሚያደርሰው ከመሬቱ ይካፈላል፣ አንድ ስም የዘለለ ከዳኛ ፊት ባዶ እጁን ይመለሳል። እኛ የምንደርሰው በአቅኚው ሴት ልጅ በኩል ነበር። ከዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ሴት እሷ ብቻ ስለሆነች እወዳት ነበር። በሐሳቤ መልክ ሰጥቻት፣ ሹሩባ ሠርቼላት ነው ያደግሁት።

ከዚያ የመሬት አዋጅ ታወጀ። ገበሬ ማኅበሩ ማሳችንን ሸንሽኖ የተሻለውን ለሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን ሰጣት፤ ባቄላ ዘራችበት። አባቴ ማስቆጠሩን ተወ። እኔም ካደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ መጻሕፍት ላይ ወደቅሁ። የአባቶቼን ስም የሚጠይቀኝ ጠፋ።

የጠየቁን ታናሽ እህቴን ሊያጩ የመጡ ሽማግሎች ናቸው። ልጁ የሙጃ ሰው ነው፤ ገበያ ተያይተው እህቴ ከእሱ ሌላ አላገባም ብላ ቆርጣለች። የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ያወቅነው ያን ዕለት፣ አያትየው ከሽማግሎቹ ጋር ሲገቡ ነው። በርስት ከአያቴ ጋር ተሟግተው፣ ተረትተው፣ ቀዬውን ለቀው ሙጃ የገቡት ሰው ናቸው።

«ጠላው ይቆይ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር። ዘመድ ከዘመድ አናጋባም።»

አባቴ ወደ እኔ አየ። ቆጠርሁ። እሳቸውም የልጁን ቆጠሩ። ሰባት ቤት ሳይሞላ አቅኚው ላይ ተገናኘን። ጓዳ እህቴ ትፈጭ ነበር፤ የወፍጮው ድምፅ ቆመ።

«እንግዲህ ወዳጄ» አሉ አባቴን፣ «በመሬቱ ጊዜ ዘመዳችን ነበርህ። ዛሬም ዘመዳችን ከሆንህ ልጅህን አንወስድም። ካልሆንህ ንገረና!»

«ከሞተ ሰው ጋር ምን አለዎት?»

«እኔማ ምን አለኝ። የአቅኚው ሴት ልጅ ዘር ነኝ ብሎ በታቦት የማለው አባትህ ነው።»

አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ሰበሰበ። እህቴን ሊድር የአባቱን አጥንት ማዋረድ ነበረበት። ጓዳው ጭጭ እንዳለ ነው።

«ሴትዮዋ አልነበረችም» አለ። «አቅኚው ሴት ልጅ አልነበረውም። አባቴ ናቸው ያመጧት። ሴት ከሆነች ማን ያስታውሳል ብለው።»

«ያልተወለደች እንዲህ ካረሰች፣ የተወለደች ምን ልታደርግ ነበር!» አለ ከሽማግሎቹ አንዱ። የሳቀለት የለም።

አያትየው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። በበሩ አሻግረው ቁልቁል ማሳውን አዩ።

«ይህችን ቃል እኮ ያኔ ብትሏት በሙጃ ብርድ ባላረጀሁ» አሉ። «አሁን የማን ነው?»

«የሸክላ ሠሪዋ።»

«ባቄላው አምሮላታል።» ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «በሉ ጠላውን አምጡ፤ ደክሞኛል።»

ጓዳ ወፍጮው ቀስ ብሎ ጀመረ።

እህቴ ተዳረች። አባቴ ስለ አያቴ መሐላ ለንስሐ አባቱ ተናግሮ ቀኖናውን ፈጸመ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት የአባቱን ስም ሲያነሣ አልሰማሁም።

የእህቴ ልጆች ዛሬ በአባታቸው በኩል ያለ ሐሰት አቅኚው ጋ ይደርሳሉ፤ የሚካፈሉት መሬት የለም እንጂ። በእናታቸው በኩል የማስቆጥራቸው እኔ ነኝ። ያልነበረችው ሴት ጋ ስደርስ እቆማለሁ።

«ከዚያስ አክስቴ?» ይሉኛል።

አፌ ለምዷታልና ስሟ ምላሴ ላይ ይመጣል። እመልሰዋለሁ።

«አላውቅም» እላቸዋለሁ።