ሊማሊሞ ላይ ያስተማርኩት ፊዚክስ

ከሁለት ሳምንት በፊት እሁድ ከጎንደር ወደ ዛሪማ ስመለስ የሆነውን ልንገራችሁ...

ለማታውቁኝ፣ ዛሪማ ላይ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የዚያን ቀን ጎንደር አራዳ ሰፈር ያሳተምኳቸውን ትልልቅ ፎቶዎች ጠቅልዬ ይዣለሁ። ክፍል ግድግዳ ላይ የምለጥፋቸው የሴት ፊዚክስ ሊቃውንት ፎቶዎች ናቸው። የተሳፈርኩበት ቅጥቅጥ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቤ አያ ታከለ የሚባሉ የዛሪማ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ጎንደር ዓይናቸውን ታክመው አንደኛው ተሸፍኗል።

ዳባት ላይ ጥቅሉ ተፈታብኝና ፎቶዎቹ ጭናቸው ላይ ተዘረጉ። አያ ታከለ በአንድ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩና...

«እነዚህ የየትኛው ደብር ቅዱሳት ናቸው?» አሉኝ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ነገርኳቸው። አንደኛዋ ሴት አትማርም በተባለበት አገር ተደብቃ የተማረች፣ ሌላዋ የለፋችበት ግኝት ወንድ ባልደረባዋን ያሸለመ፣ ሌላዋ ዛሬም በሕይወት ያለች፣ የከዋክብትን ብርሃን የምትመረምር። የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ ተለወጠ። የጭልጋ ልጅ ናት፤ ጎንደር ላይ ያስተማረችኝ። ክፍላችን ውስጥ ሴቶች ሦስት ብቻ ነበርን። እጃችንን ሳናወጣ የዋልን እንደሆነ፣ መልሱን እያወቅን ዝም ማለታችን ገብቷት፣ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ አንዳችንን ሰሌዳው ጋ ታቆመን ነበር።

አያ ታከለ «ሸጋ ናቸው» ብለው ራሳቸው ጠቀለሉልኝ። እኔም ኩራት ኩራት እያለኝ ደባርቅን አለፍን።

ከዚያ ሊማሊሞ መጣ... ቁልቁለቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ። ሹፌሩ ቸኩሏል። በከፍተኛ ማርሽ ይለቀዋል፣ ጥምዝ ሲመጣ ፍሬን ይረግጣል፣ ደግሞ ይለቀዋል። ጥቂት ጥምዝ እንደወረድን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሬኑ ነው።

ምን እንደሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ቁልቁል የሚወርድ መኪና ጉልበቱ የትም አይጠፋም፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ፍሬኑ መያዝ ያቆማል። ታዲያ ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። ሹፌሩ ፀጉሩ ሸብቷል፣ መንገዱን ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሶበታል፤ እኔ ብስክሌት እንኳ ነድቼ አላውቅም... እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

አያ ታከለ ግን አዩኝ። ፊቴ ምነው እንደተለዋወጠ ጠየቁኝ። በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ያደርጋል?» አሉ። «መሪውን የያዘው እሱ ነው።»

አፈርኩ። ቅድም ዝም ስላላሉ ሴቶች ስሰብክ የነበርኩት እኔው ነኝ። ተነሳሁና ወንበር ወንበሩን እየያዝኩ ወደ ፊት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ ግሏል።»

«ተቀመጪ እህቴ» አለኝ፣ ዞር ሳይል። ከኋላ አንዱ ሹፌሩን እንዳልረብሽ ተናገረ። ልመለስ ስል የሹፌሩን እግር አየሁት... አንዴ ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ። አንገቱ ላይ ላብ ወጣ።

«ፔዳሉ ሰመጠ አይደል?» አልኩት ቀስ ብዬ።

እንደገና ረገጠው።

«ማርሽ ቀንስ። ሞተሩ ይያዘው።»

አባቴን የሚያህል ሰው አንተ ማለቴ ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው።

ቀነሰ። ሞተሩ አጓራ፣ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ደግሞ ቀነሰ። መኪናው እያቃሰተ ፍጥነቱን ጣለ። በተራራው በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኝ ጥግ አስያዘውና በእጅ ፍሬን አቆመው።

ወረድን። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደረገ። ከፊተኛው ጎማ ጭስ ይወጣል። አንድ ጎልማሳ ጀሪካን ውሃ ይዞ ሊደፋበት ሲመጣ ፊቱ ቆምኩ። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ እንደሚችል ነገርኩት።

«መካኒክ ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ።»

ይህን ነገር በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አፌን ሞልቼ ብዬው አላውቅም። ሰውዬው ወደ ሹፌሩ ዞረ። ሹፌሩ «እሷ እንዳለችው ይሁን» አለ። ጀሪካኑ መሬት ተቀመጠ።

ብረቱ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። የቸኮሉት አጉረመረሙ። አያ ታከለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ለመጣው ሁሉ ሙቀት ከየት እንደሚመጣ ያስረዱ ነበር... ከእኔ የሰሙትን ትንሽ ጨማምረው። ከዚያ ሹፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ፈተነውና፣ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምን ዛሪማ ገባን።

ስወርድ ሹፌሩ ጠራኝ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ አለችው፤ እኔው ትምህርት ቤት። የተፈጥሮ ሳይንስ ልማር ስትለው፣ ፊዚክስ ለሴት ይከብዳል ብሎ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ አስመድቧታል። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ይቻላል አልኩት፤ ባይቻልም ርዕሰ መምህሩን እንደማሳምን እርግጠኛ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ራሱ አመጣት። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳምንቱን ሙሉ ድምፅዋን አልሰማሁም፣ ትጽፋለች ብቻ። ዓርብ ዕለት ሁሉም ሲወጣ ቆየችኝ። ከበዳት፣ ልትመለስ ነው ብዬ ልቤ ደነገጠ።

«ቲቸር፣ አባቴን አንድ ነገር ንገሪልኝ» አለች። «ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ ላይም በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚነዳው።»

ለእሱም ክፍሌ ውስጥ አንድ ወንበር ሳላዘጋጅ አልቀርም...