የእናቴ አውራ ጣት

ሲቀላ ሰፈር በምሠራበት የደብተርና እስክሪብቶ ሱቅ ቆሜ ስደምር፣ አውራ ጣቴ የካልኩሌተሯን የፀሐይ መስታወት ሸፈነውና ቁጥሩ ደብዝዞ ጠፋ። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እማዬ ጫኖ እርሻ ላይ ሙዝ ስትሸከም ውላ ትመጣና በር ላይ ያበጠ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። እኔ ሰባት ሲባዛ በስምንት ብዬ ካልኩሌተር ስነካካ፣ የሙዝ ፈሳሽ ባጠቆረው አውራ ጣቷ ያችን መስታወት ድፍን ታደርጋታለች።

"እማዬ፣ አንሺው እንጂ!"

"መጀመሪያ በአፍሽ ንገሪኝ። ደክሞኛል፣ ቶሎ በይ።"

"ሃምሳ አራት?"

ጣቷን አነሳች። እንደገና ነካካሁት። ጎንበስ ብላ አየችና "አይደለም" አለች።

"ለምንድነው ሁሌ የሰባት ብዜት? ሰለቸኝ!"

"እኔ ሰባት ላይ ነዋ የቀረሁት። አንቺ እለፊው።"

ትናንት ማታ ያቆምንበትን የምትል መስሎኝ ነበር። የሰባትን ብዜት ስትማር ከትምህርት ቤት የቀረችበትን እንደሆነ የገባኝ አድጌ ነው። ጎንበስ የምትለውም ለካ መልሱን እሷም ስለማታውቀው ነው። እኔ እንኳን አልፌዋለሁ፤ ድካሟን ግን አላለፍኩትም፤ እግሬ እንደ እሷ እግር ያብጣል።

"እህት፣ ተበላሸ እንዴ?" አለችኝ ገዢዋ።

"የለም፣ ጣቴ ነው" አልኳትና አነሳሁት።