የቧንቧው ውኃ ሃያ አምስት ዲግሪ ነው

እትዬ አሰለፈችን የመሰለ ግትር ሰው አላየሁም፤ ዋላሂ! ዱባይ አጠገብ፣ አጅማን፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ አብረን የፀጉር ጄል እናማስል ነበር። ውኃው ከሃያ አምስት ዲግሪ ካለፈ ተቆጣጣሪው ይጮህብናል። እኛ ምን እናድርግ? ሮቶው ጣሪያ ላይ፣ ፀሐዩ የአጅማን! እሱ እንዳይጮህ ብለን በሐምሌም በጥርም መዝገቡ ላይ ሃያ አምስት እንጽፋለን።

ኮሮና ሲመጣ የፀጉሩ ቀርቶ የእጅ ማጽጃ ጄል ሥሩ ተባልን። ማወፈሪያው ዱቄት ከገበያ ጠፍቷል፤ የተሰጠን ለሦስት ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነው። ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ "ካልተሳካ ኸላስ፣ ቪዛችሁ ይሰረዛል" አለን። እትዬ ደግሞ በምትልከው ብር ደሴ ላይ ሁለት ልጆቿን ታስተምራለች።

ኬሚስቱ ደምሴ፣ ያገራችን ልጅ፣ መላ አገኘሁ አለ። "ሁለቱ ጄሎች ወንድማማች ናቸው፤ ከዜሮ አልጀምርም። ኮምፒውተሩ ከሁለት ዓመቱ መዝገብ የፀጉሩን ጄል ጠባይ ተምሯል። አሁን ልዩነቱን ብቻ አስተምረዋለሁ።"

እሰየው አልን። የመጀመሪያው ሙከራ ቀጠነ። ሁለተኛው ጓጎለ። ደምሴ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። "ጄል የሚበላሸው የውኃው ሙቀት ሲለዋወጥ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን ሙቀቱ አንድም ቀን አልተለወጠም። ታዲያ ምን ነካው?"

እትዬ ተነሳች። ልትናገር መሆኑ ገባኝና ቀሚሷን ያዝኩ። "አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ ተቀመጪ! የእንጀራ ገመዳችንን ልትበጥሺ ነው?"

ጆሮ ዳባ ልበስ! "ሃያ አምስቱ ውሸት ነው" አለችው። "የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ የሉበትም።"

ደምሴ አልተቆጣም። ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ሰደደና "እፍ!" ብሎ መንጭቆ አወጣው። "ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም" አለ። አፍሮ ነበር፤ አንጀቴን በላው። ከዚያ እትዬን አጠገቡ አስቀምጦ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ፈረቃ ውኃው እንደሚያቃጥል እየጠየቀ መዝገቡን አስተካከለ። ኮምፒውተሩም እንደገና ተማረ።

ሦስተኛው ሙከራ መዳፌ ላይ ቁጭ አለ፤ አልፈሰሰ፣ አልጓጎለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ሙዲሩ ግን ገና ሳንደሰት የታረመውን መዝገብ ይዞ መጣ።

"ይሄን ውሸት የጻፈው ማነው?"

ደምሴ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላጣራ ሠራሁበት" ሲል ሙዲሩ አቋረጠው። "ማን ጻፈው ነው ያልኩት።"

እትዬ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። ብቻዋን። ይህች ሴት የኔን ውሸት ተሸክማ ልትባረር ነው ብዬ ሳስብ ማስኬን ወደ ታች ሳብኩ።

"ግማሹ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው" አልኩ።

ሙዲሩ ሁለታችንንም አየን። ጄሉን በጣቱ ነካው።

"ያላ፣ ወደ ሹግል፣ ወደ ሥራችሁ" አለ።