አህያው መንገድ ላይ የቆመበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ትክክልነቱን ያላረጋገጥኩት ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። አስተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ እንኳ በልቤ ስመዝነው ሌላ ልጅ እጁን አውጥቶ ይቀድመኛል። ይህ ጠባዬ አንድ ግቢ ሙሉ ልጅ ተረት ሊያሳጣ ምን ያህል ተቃርቦ እንደነበር የማልረሳው፣ ሳሊተ ምሕረት አጠገብ ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ ባሳለፍነው አንድ ክረምት ምክንያት ነው።

ያኔ አመሻሽ ላይ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ሕንዳዊቷ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሚስ ሱኒታ ከሰል አቀጣጥላ ምድጃውን በረንዳ ላይ ስታወጣ፣ የግቢው ልጆች ሳንጠራ እንሰበሰባለን። ክረምቱን አብረዋት ሊያሳልፉ ከሕንድ የመጡት አማቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የበቆሎ እሸት ይጠብሱልናል፤ የተጠበሰውን በሎሚና በሚጥሚጣ ሲያሹልን ጭሱ ዓይናችንን፣ ሚጥሚጣው ከንፈራችንን ያቃጥለን ነበር። ሚስ ሱኒታ «ዳዲ በሏቸው፣ ሴት አያት ማለት ነው» ስላለችን ሁላችንም ዳዲ አልናቸው። ዳዲ ከሂንዲ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ተረቱን እሳቸው በሂንዲ ይጀምሩታል፣ ሚስ ሱኒታ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ በእንግሊዝኛ ከልጆቹ የተሻልኩት እኔ ደግሞ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ።

ተረቱ የአንድ ሸክላ ሠሪና የአህያው ነበር። ወደ ገበያ ሲሄዱ አህያው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ፣ «ለምን እንደምንሄድ ካልነገርከኝ አልንቀሳቀስም» ይላል። ሸክላ ሠሪው ምክንያት ይደረድራል፤ አህያው አንዱንም አይቀበልም። ረጅም ስለነበር በየምሽቱ ከፋፍለን ነበር የምንሰማው። እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል እንደ ወርቅ እመዝነው ነበር። «ግትር» ልበል ወይስ «እምቢተኛ» እያልኩ ሳመነታ ፍሙ አመድ ይለብሳል።

«ኧረ ተናገር፣ አህያው ሞተ እንዴ?» ይለኛል የአከራያችን ልጅ ብሩክ።

«ቆይ፣ እያሰብኩ ነው።»

«ለካ አህያው አንተ ነህ።»

ልጆቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይሰለቹና ያዛጋሉ። አንድ ምሽት ዳዲ ተረቱን መሃል ላይ አቆሙት። ምክንያቱን ሚስ ሱኒታ ነገረችን፤ በእሳቸው አገር ተረት የሚሰማ ሰው ተራኪው ትንፋሽ ሊወስድ ባቆመ ቁጥር «ሁም» ይላል፤ «ሁም» ካልተባለ ሰሚው ተኝቷል ማለት ነው፣ ተራኪውም ያቆማል። ልጆቹ ግን «ሁም» የሚሉለት ነገር አልደረሳቸውም ነበር፤ ቃሉን እኔ ይዤባቸው ነበር። በማግስቱ ብሩክ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ጋ ቴሌቪዥን ሊያይ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ዳዲ እሑድ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ተረቱ ሳያልቅ ቢሄዱ ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነው። ይህ እንዲሆን አልፈቅድም አልኩ። ሥራውን በትክክል ለመሥራት በመጀመሪያ የሥራውን ስም ማወቅ አለብኝ ብዬ፣ «ትራንስሌት» የሚለው ግስ በትክክል ምን ማለት እንደሆነ ሚስ ሱኒታን ጠየቅኋት።

ፍሙን እየቆሰቆሰች፣ ቃሉ ከላቲን እንደመጣ፣ መነሻ ትርጉሙም አንድን ነገር ተሸክሞ ወደ ማዶ ማሻገር እንደሆነ ነገረችኝ። ይበልጥ ፈራሁ። የተሸከምኩት ቢወድቅብኝስ? ፍርሃቴን ስነግራት ሳቀችና ለዳዲ አስረዳቻቸው። ዳዲ የበቆሎውን ቆረቆንዳ ወደ ምድጃው ወርውረው ብዙ ተናገሩ።

«በሂንዲ አኑቫድ ነው የምንለው» አለችኝ ሚስ ሱኒታ። «አኑ ከኋላ፣ ቫድ መናገር። ተከትሎ መናገር እንደማለት ነው። ዳዲ ‹ልጁ ምኑን ነው የሚሸከመው? እኔ እላለሁ፣ አንቺ ትከተይኛለሽ፣ እሱ ይከተልሻል› ነው የሚሉት።»

«ከተሳሳትኩስ?»

«ትሳሳታለህ። እኔም እሳሳታለሁ፤ የእኔን ስሕተት ግን አንተ አታውቀውም።»

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በየበሩ እየዞርኩ ልጆቹን ጠራሁ። ብሩክ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «መዝገበ ቃላትህን ቤት ትተህ ከሆነ እመጣለሁ» አለኝ።

«ትቼዋለሁ። አንተ ግን ‹እህ› እያልክ ትሰማለህ።»

«እንደ ሽማግሌ?»

«እንደ ሽማግሌ።»

ዳዲ ጀመሩ፣ ሚስ ሱኒታ ተከተለች፣ እኔም ተከተልኳት። ልጆቹ ባንድ ድምፅ «እህ» ሲሉ ዳዲ ቀና ብለው አዩንና ፈገግ አሉ፤ ከዚያ በኋላ አላረፉም። አንድ ቦታ ላይ ቃል ጠፋኝ። «ያ... ጭነቱ የሚታሰርበት» ስል ብሩክ «መጫኛ» ብሎ አቀበለኝ። ትክክል መሆኑን ሳላጣራ አለፍኩ። በመጨረሻ ሸክላ ሠሪው ምክንያት አለቀበትና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እውነቱን ልንገርህ፣ ለምን እንደምንሄድ እኔም አላውቅም። አባቴ ይሄድ ስለነበር ነው የምሄደው» አለ። አህያው ጆሮውን አራግፎ፣ «የእኔም አባት እንደዚሁ ነበር» አለና ቀድሞት መንገዱን ቀጠለ። ብሩክ በሳቅ ተንከባለለ። ዳዲም አማርኛው ባይገባቸውም የሳቅነው የት ላይ እንደሆነ አይተው፣ ተረቱ እንደደረሰን አውቀው አብረውን ሳቁ።

ዛሬ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ ቢሮ ሰነድ እተረጉማለሁ፤ አንድን ገጽ ደጋግሜ ሳላየው አላስረክብም። ያን ተረት ለእህቴ ልጆች ስነግራቸው ግን ስንቱ የዳዲ፣ ስንቱ የሚስ ሱኒታ፣ ስንቱ የእኔ እንደሆነ ለመለየት ሞክሬ አልሆነልኝም። የዳዲ አገር ሰው ቢሰማው ላያውቀው ይችላል፤ ይህም ያሳስበኛል። ሆኖም ያን ቅዳሜ እርግጠኛ እስክሆን ብጠብቅ ኖሮ ዛሬ የማርመው ተረት አይኖረኝም ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ሲጠይቁኝ እንደተጠራጠርኩ እጀምርላቸዋለሁ፣ ሳልጨርስም አልነሣም።