ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳላጎድል

ከመንደሬ ከቀየት በወጣሁበት ሌሊት አባቴ አላለቀሱም። ፋኖሱን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉና የእንግሊዝኛ መጽሐፌን ገልጠው «በይ አስካለ፣ ቀለምሽን በይልኝ» አሉኝ። አባቴ በደብራችን የአብነት መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እሳቸው ዘንድ ቀለም ማለት ከመምህር ተቀብለው በቃል የሚይዙት ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አይለዩም። ነጥብ ግን ይለያሉ። እኔ በቃሌ ስል እሳቸው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ ይከተሉኛል፤ ነጥብ ሳይደርስ ካረፍኩ «ቆይ፣ ገና አላለቀም» ይላሉ። እንግሊዝኛን ከልጅነቴ ጀምሮ ያጠናሁት እንዲህ ነው።

ያን ሌሊትም አንድ ምዕራፍ ሙሉ አልኩላቸው። ሲያበቃ መጽሐፉን ዘግተው ሳሙትና «እዚያም ስትሄጂ ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አታጉድዪ። የመምህር ቃል አደራ ነው» አሉኝ። ከዚያ የበግ ጠጉር ባናቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ።

እናቴ የሞተችው ሕፃን ሳለሁ ነው። ሰሜን ስዊድን የምትኖረው እህቷ ደብሪቱ ልጅ ስለሌላት በማደጎ ልትወስደኝ ለዓመታት ወረቀት ስታመላልስ ኖራለች። አባቴ እሺ ያሉት ትምህርት ቤት አለ ስለተባለ ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ካልሆነ መሄዴም ከንቱ ነው፤ ይህን እስከ ደብረ ብርሃን በመንገዱ ሁሉ እያሰብኩ ሄድኩ። አውሮፕላን ውስጥ ምግብ ሲያቀርቡልኝ ጾም ስለነበር ዳቦዋን ብቻ በላሁ፤ አስተናጋጇ ግንባሬን ዳሰስ አድርጋ «አመመሽ?» አለችኝ።

እናንተ የደጋችንን የጓሳን ውርጭ የምታውቁ፣ እኔም ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር። የእኛ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የዚህ አገር ብርድ አያፍርም፤ ፀሐይዋ ራሷ በብርዱ ወራት ከቀኑ በስምንት ሰዓት ትገባለች። ቱንብሮድ የሚሉት ስስ ቂጣ አላቸው፤ የገብስ ነው ስትለኝ አክስቴ፣ ደስ ብሎኝ ጎረስኩት። ስኳር አለበት! የገብስ ቂጣን ምን ሆነው እንደሚያጣፍጡት እስካሁን አልገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ከእኛ ጋር ተመሳሰለብኝ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እንደምናደርገው፣ የዚህ አካባቢ ሰዎችም «አዎ»ን በትንፋሽ ይስቧታል። መጀመሪያ ቀን የአውቶቡሱን ሹፌር ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄድ እንደሆነ ስጠይቀው ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ትምህርት ቤቱ የከተማው ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ምሳውም በነጻ ነው። ከስዊድንኛ ክፍለ ጊዜ በቀር ሁሉም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከየአገሩ የመጡ ልጆች አሉበት፤ የስዊድን ልጆችም ሞልተውበታል። ለአባቴ በስልክ ስነግራቸው ግራ ገባቸው።

«የራሳቸው ቋንቋ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው አባባ።»

«ደህና ከሆነ ለምን ይተዉታል?»

አክስቴ ደግሞ የነጻው ነገር አላማራትም። «ዝም ብሎ የሚሰጥ ነገር የለም» ትላለች፤ «አንድ ቀን ምን እንደሚጠይቁሽ ታያለሽ።»

የመግቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለደረስኩ ለአንድ መንፈቅ በሙከራ ነው የተቀበሉኝ። ካልሆነልኝ ቦታዬ ለሌላ ይሰጥና እኔ ስዊድንኛ ከፊደል ጀምሮ ወደሚያስተምሩበት ክፍል እወርዳለሁ። ስለዚህ በጣም ተጠነቀቅኩ። ወንበሬን ሳላንኳኳ እስብ ነበር። የጂኦግራፊ መምህሬ ካሪን ይባላሉ። እዚህ መምህር በስሙ ብቻ ይጠራል፣ አንቱታም የለም፤ እኔ ግን ለእናንተ ስጽፍ እንኳ አንቺ ማለት ከበደኝ። አንድ ቀን «ተራራማ አገር ለምን ብዙ ዝናብ ያገኛል?» ብለው ሁለት ገጽ አጻፉን። ደስ አለኝ፤ ምዕራፉን ሸምድጄዋለሁ። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳላጎድል ጻፍኩት።

ወረቀቱ ሲመለስ ውጤት የለውም። ላዩ ላይ በቀይ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ ፕሌጂያሪዝም።

«ምንድን ነው እሱ፣ በሽታ ነው?» አለች አክስቴ።

መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የሰው ቃል መስረቅ ይላል። የየኔታ ልጅ ሌባ ተባልኩ።

በማግስቱ እኔም አክስቴም ሬክቶሩ ዘንድ ተጠራን፤ ሬክቶር የሚሉት ርዕሰ መምህሩን ነው። አክስቴ ከሆስፒታል ጽዳት ሥራዋ በቀጥታ፣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ስርቆት ከሆነ የጠፋው ምንድን ነው? መጽሐፉ እንደሆነ ይኸው ጠረጴዛችሁ ላይ ነው!»

«የጠፋ ነገር የለም» አሉ ሬክቶሩ በትዕግሥት። «ችግሩ፣ ልጅቷ ያልጻፈችውን ጽፋለች።»

«ጻፊ አላችኋት፣ ጻፈች። ያልጻፈችውን እንዴት ነው የጻፈችው?»

ካሪን ወደ እኔ ዞሩ። «መጽሐፉን የት ደብቀሽው ነበር?»

«አልደበቅኩም ቲቸር። በቃሌ ነው።»

«ሁለት ገጽ?»

«ምዕራፉ በሙሉ።»

ሬክቶሩ መጽሐፉን ለካሪን አቀበሏቸው። እኔ አባቴ ፊት እንደማደርገው ተነሥቼ እጄን አጣመርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቼ አጮልቄ ባይ፣ ካሪን ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ይነዳሉ፤ ልክ እንደ አባቴ። ጣታቸው ነጥቡ ላይ ሲያርፍ እኔም አርፋለሁ። ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እንኳ አልዘለልኳትም። ሬክቶሩ ሳቁ። ካሪን አልሳቁም፤ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ፣ አዎ ማለታቸው ነው። «አያችሁ!» አለች አክስቴ።

የዳንኩ መሰለኝ። ካሪን ግን መጽሐፉን ዘጉት።

«አልሰረቅሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን መጽሐፉ ተዘግቷል። አንቺ አገር ዝናብ እንዴት ነው የሚመጣው?»

ዝናብ ጠፍቶኝ አይደለም። ደመናው ከገደሉ ሥር እየተሳበ እንዴት እንደሚወጣ ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ግን ማንም ነግሮኝ፣ ማንም አስይዞኝ አያውቅም። ቀለም አይደለም። እግሬን እያየሁ ቆምኩ። ካሪንም «እስከ ዓርብ ሁለት ገጽ ጻፊ፤ ከመጽሐፉ አንድም ዓረፍተ ነገር እንዳይኖርበት። ያለዚያ እዚህ ላቆይሽ አልችልም» አሉኝ።

ዳዊትን በቃሌ ስይዝ እንኳ እንደዚያ አልደከመኝም። አንድ መስመር ጽፌ «ይህን ማን አለ?» ብዬ እሰርዛለሁ። በመጨረሻ ስለ ጓሳ ጻፍኩ። ዝናብ ባልዘነበበት ጠዋት እንኳ በሣሩ መሐል ያለፈ ሰው እስከ ጉልበቱ እንደሚርስ፣ ሣሩ ጉሙን ይዞ ወደ ምንጩ እንደሚያወርደው፣ ሽማግሌዎችም ሣሩ እንዳይታጨድ ለዓመታት እንደሚዘጉት። በልግ ሲቀር አባቴ ምህላ እንደሚወጡም ጻፍኩ። መጽሐፉ ይህን አይልም።

ወረቀቱ ሲመለስ ካሪን ከጓሳው አጠገብ «ይህን አላውቅም ነበር» ብለው ጽፈውበታል። መምህር አላውቅም ነበር ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከቀዩ ቃል ይልቅ ይህ አስፈራኝ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንድቀጥል ተፈቀደልኝ። አክስቴ እልል አለች፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሉን ደበደበ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ቀየት፣ በባለሱቁ ሞባይል ይጠብቁኛል።

«ትምህርትሽስ ልጄ?»

«እንድቀጥል ፈቀዱልኝ አባባ።»

«ተመስገን! በይ ቀለምሽን በይልኝ።»

እንደ ወትሮው የመጽሐፉን ብልላቸው ምንም አያውቁም ነበር። እኔ ግን ስለ ጓሳው በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ጀመርኩ። መጽሐፍ የለም፣ ጣት የለም፤ በጆሯቸው ብቻ ነጥቡን እየጠበቁ ይሰማሉ። መሐል ላይ ስደርስ «ቆይ» አሉኝ።

«ይህ ይንቀጠቀጣል። የማን ቃል ነው?»

«የኔ ነው አባባ።»

«መምህርሽ የሰጡሽ?»

«አይደለም። ከማንም አልተቀበልኩትም።»

ሱቁ ውስጥ አንድ ሰው ሳሙና ሲጠይቅ ይሰማኛል። ከዚያ አባቴ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። በእኛ አገር ያቺ ትንፋሽ አዎ ናት። ክፉ ወሬ የሰማ ሰውም ግን ትንፋሹን እንዲሁ ነው የሚስበው።

«አባባ?» አልኩ። «አባባ፣ ይሰማሉ?»

የስልኬ ካርድ አልቆ ነበር። እስከሚመጣው እሑድ ስንት ቀን! ያቺን ትንፋሽ በቃሌ ይዣታለሁ፤ ነጥቧን የት ላይ እንደማሳርፍ ግን አላውቅም።